ድር ቢያብር ዓሣ ነባሪ ያስንቃል

«እስቲ እንወያይ» – የዝግጅት ክፍሉ ቋሚ ዓምድ

 

የዛሬውን ርዕስ ያመጡልን ወጣቶች ናቸው። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ «በዓለም ላይ ሕይወት ካላቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ማን ነው?» የሚል። አንዱ ወገን «ይሄማ ምን ያጠራጥራል፣ ዓሣ ነባሪ ነዋ!» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «የለም፣ ከመሬት በታች የሚኖር፣ ዛፍ የሚያደርቅ ፈንገስ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። «ሻጋታ ከዓሣ ነባሪ በለጠ? ምን ዓይነት ቀልድ ነው!» ተብሎም ተሳቀበት። በመጨረሻ «ዝግጅት ክፍሉ ይፍረደን» ብለው ወደ እኛ ላኩት።

ነገሩን ስናገላብጠው ጥያቄው ከጨዋታ ያለፈ ሆኖ አገኘነው። በተለይ ከጅማ፣ ከበደሌ፣ ከሚዛን፣ ከሻሸመኔ አካባቢ የመጣችሁ፣ ቡናና ደን የምታውቁ ወገኖች፣ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን አደራ እንላለን።

ስሙን እናጥራ

ከሁሉ በፊት «ዓሣ ነባሪ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። ሳንባ አለው፤ አየር ለመሳብ ወደ ውኃው ፊት ብቅ ይላል፤ ልጁን ወልዶ ጡት ያጠባል። በቀድሞው አጻጻፍ «ዓሣ አንበሪ» ይባላል። በነነዌ ጾም የዮናስን ታሪክ ስትሰሙ ያደጋችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። ሙስሊም ወገኖቻችንም የነቢዩ ዩኑስን ታሪክ ስለሚያውቁ ይህ ፍጥረት ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

ጅቡቲ ከተማ ላይ ያለን ሰዎች ግን አንድ ተጨማሪ መደናገሪያ አለብን። ከኅዳር አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይም ወደ አርታ ዳርቻ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ትልቅ የባሕር እንስሳ ይመጣል። ቱሪስቶች በጀልባ ሄደው አብረውት ይዋኛሉ። ብዙ ሰው «ዓሣ ነባሪ መጣ» ይላል። ስሙም በፈረንጆቹ ቋንቋ «ዓሣ ነባሪ የሚያህል ሻርክ» እንደ ማለት ስለሆነ አይፈረድበትም። ይህኛው ግን በእርግጥ ዓሣ ነው። በስንጥቡ ይተነፍሳል፣ የሻርክ ዘመድ ነው። ሰው አይነካም፤ ምግቡ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮች ናቸው። በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ሲሆን እስከ 18 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እኛ ዘንድ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ስለሆኑ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቢሆኑ ነው።

ክርክር የተነሳበት ዓሣ ነባሪ ሌላ ነው። እሱም ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ነው።

የባሕሩ ግዙፍ

ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ እስከ 30 ሜትር ይረዝማል። ክብደቱ 150 ቶን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይህ ቁጥር በደረቁ ሲነገር አይገባም፤ ስለዚህ በምናውቀው እንለካው። ከጅቡቲ ወደብ እህልና ማዳበሪያ ጭኖ በጋላፊ በኩል ወደ አገር ቤት የሚወጣ ባለተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ያህል ይጭናል። አንድ ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ 1,500 ኩንታል ነው። አራት ባለተሳቢ መኪና ሊሞላ ጥቂት ቢቀረው ነው ማለት ነው፤ አንድ እንስሳ ብቻውን! ተመራማሪዎች አውጥተው የመዘኑት አንድ ልብ 180 ኪሎ ያህል ሆኗል። ጥጃው ጡት በሚጠባበት ወራት በየቀኑ 90 ኪሎ ገደማ ይጨምራል።

ይህ ሁሉ አካል የሚገነባው ደግሞ ከምን መሰላችሁ? ክሪል ከሚባል፣ ከትንሽ ጣታችን ከማይበልጥ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ነው። ትልቁ የሚኖረው በትንሹ ነው።

ታዲያ ይህ ግዙፍ ትልቅነቱ ጠላት አፈራበት። ዘይቱ ለመብራትና ለሳሙና፣ ሥጋውም ለገበያ ስለተፈለገ በ20ኛው መቶ ዘመን በሞተር መርከብና በመድፍ በሚተኮስ ጦር ታደነ። በደቡቡ የዓለም ክፍል ባሕሮች ብቻ ከ300,000 በላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ተገድለዋል። የእኛም አካባቢ አልቀረለትም። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 የሶቪየት ኅብረት አዳኝ መርከቦች በዓረብ ባሕርና በአካባቢው ከ1,000 በላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎችን ገድለዋል። ትክክለኛው ቁጥር ለዓለም የታወቀው አገሪቱ ከፈረሰች በኋላ ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የቀሩት ከ25,000 እንደማይበልጡ ይገመታል።

የመሬት ውስጡ ግዙፍ

አሁን ወደ ሁለተኛው ተከራካሪ እንምጣ። ፈንገስ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው የሻገተ ዳቦ ወይም በክረምት ግንድ ሥር ብቅ የሚለውን እንጉዳይ፣ አንዳንዶቻችን «የጅብ ጥላ» የምንለውን ነው። እንጉዳይ ግን የፈንገሱ ፍሬ እንጂ ፈንገሱ ራሱ አይደለም። ብርቱካን ለብርቱካን ዛፍ እንደሆነው ማለት ነው። ዋናው አካል መሬት ውስጥና እንጨት ውስጥ የተዘረጋ፣ ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ክር ነው። ክሩ ይረዝማል፣ ይቆላለፋል፣ ድር ይሆናል። ፈንገስ ዕፅዋት አይደለም፤ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግብ መሥራት አይችልም። እንዲያውም በዘር ሐረጉ ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት የሚቀርብ ነው። ስለዚህ ይህ ፈንገስ ከሚያደርቀው ዛፍ ይልቅ ለዓሣ ነባሪው ይዘመዳል ብንላችሁ ውሸት አይደለም።

የክርክራችን ፈንገስ አርሚላሪያ ይባላል። እንጉዳዩ የማር ቀለም ስላለው ፈረንጆቹ «የማር እንጉዳይ» ይሉታል። የዛፍ ሥር ውስጥ ይገባል፣ ከቅርፊቱ ሥር ነጭ ስስ ንጣፍ እየዘረጋ ይመገባል፣ ዛፉ ይደርቃል። ዛፉ ከሞተም በኋላ ጉቶውንና ሥሩን እየበላ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። የሚቀጥለው ዛፍ ሥሩን ሲሰድና የታመመውን ሥር ሲነካ ወደ እሱ ይሻገራል።

እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የዚህ ወገን የሆነ አንድ ፈንገስ 15 ሄክታር ይዞ መገኘቱ ሲነገር ዓለም ተደነቀ። ክብደቱ 100 ቶን ያህል ይሆናል ተብሎ ስለተገመተ ያኔ ነው ከሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ጋር ማወዳደር የተጀመረው። ያው ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ሲለካ ግምቱ ወደ 400 ቶን ከፍ አለ፤ ዕድሜውም 2,500 ዓመት ተባለ።

ግን ታላቅ ወንድም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1998 በኦሪገን ግዛት፣ ማልሂር በሚባል የመንግሥት ደን ውስጥ ዛፎች በብዛት ይደርቁ ነበር። ተመራማሪዎች ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ እያዩ ከ112 ዛፎች ሥር ናሙና ወሰዱ። ከእነዚህ ውስጥ 61ዱን የያዘው ያው አንድ ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። በጣም የተራራቁት ሁለቱ ዛፎች መካከል 3.8 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህ ማለት አንድ ሰው ከሜኔሊክ አደባባይ ተነስቶ ወደ አምቡሊ አቅጣጫ 50 ደቂቃ ያህል በእግሩ ቢሄድ ገና ከዚያው ፈንገስ ላይ አልወረደም። ጠቅላላ ስፋቱ 965 ሄክታር ነው፤ በአባቶቻችን ልኬት 24 ጋሻ መሬት ገደማ።

ዕድሜውንስ እንዴት አወቁት? ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ልጆች ይሥሩት። ፈንገሱ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ዙሪያውን እያሰፋ ነው የሚሄደው። ከመሃል እስከ ዳር 1,900 ሜትር ነው እንበል። በዓመት 1 ሜትር ከሄደ 1,900 ዓመት ፈጅቶበታል። በዓመት 22 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሄደ ግን ከ8,600 ዓመት በላይ ይሆናል። ትንሹ ግምት እንኳ የአክሱም ሐውልቶች ከቆሙበት ዘመን ይቀድማል። ክብደቱን ማንም ቆፍሮ አልመዘነውም፤ ግምቱ ከ7,500 እስከ 35,000 ቶን ድረስ ይለያያል። ትንሹን ብንወስድ እንኳ 50 ትልልቅ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ማለት ነው።

«አንድ» ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ የዓሣ ነባሪው ደጋፊዎች «ቆይ! እሱ አንድ ነው ወይስ ብዙ ፈንገሶች ጎን ለጎን?» ብለው እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ጥያቄው ልክ ነው። ዓሣ ነባሪን አንድ ብሎ ለመቁጠር ዓይን ይበቃል። ፈንገሱን ለመቁጠር ግን ዓይን አይበቃም።

ተመራማሪዎቹ ያደረጉት እንዲህ ነው። ከሁለት ቦታ የመጡ ሁለት ክሮችን በአንድ ትንሽ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ያሳድጓቸዋል። ክሮቹ የተለያዩ ፈንገሶች ከሆኑ ሲገናኙ ይገፋፋሉ፤ በመካከላቸው ድንበር ይሰመራል። የአንድ አካል ክፋዮች ከሆኑ ግን ይቀላቀላሉ፤ ድንበር አይታይም። ከዚህም ሌላ የዘር ምልክታቸው ይመረመራል። የ3.8 ኪሎ ሜትር ርቀት ያላቸው ክሮች እንደ ባዕድ አልተገፋፉም።

«መሃሉ ቢቆረጥስ? መንገድ ቢያልፍበትስ? አሁንም አንድ ይባላል?» የሚሉ ምሁራንም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኛ ግን ይህ ጥያቄ ለስደተኛ አዲስ አይደለም ብለን እናስባለን። አባት አሊ አዴ፣ እናት ድሬዳዋ፣ ታላቅ ልጅ ባልባላ፣ ታናሽ ባሕር ተሻግሮ የመን ወይም ሳዑዲ። የራሽን ካርዱ ላይ የሚጻፈው አንድ ቁጥር ነው፤ በልባችን የምንቆጥረው ሌላ ነው። «ቤተሰባችሁ ስንት ነው?» ሲባል አፋችን የቱን ቁጥር እንደሚመልስ እያንዳንዳችን እናውቃለን። ምሳሌ በሁሉም ጎኑ አይገጥምም፣ ፈንገሱ ዛፍ ገዳይ ነው። ሆኖም አንድነት በዓይን ብቻ እንደማይቆጠር ያሳየናል።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸው። «ትልቁ እንስሳ» ከተባለ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ነው፤ ተከራካሪ የለውም። «ሕይወት ካለው ሁሉ ትልቁ አንድ አካል» ከተባለ ግን ፈንገሱ አሥር ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ ይበልጠዋል። ብቻውን ግን አይደለም። በዚያው በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት፣ ከአንድ ሥር የበቀለ 43 ሄክታር የሸፈነ የዛፍ መንጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በአውስትራሊያ ዳርቻ 180 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ፣ ሁሉም አንድ የሆነ የባሕር ሣር መገኘቱ ተገልጿል። በስፋት ከሆነ እሱ ፈንገሱንም ያስከነዳል። ሁሉም የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ ትልቅ የሆኑት በቁመት አይደለም፣ ተያይዘው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ወላጆቻችን ዓሣ ነባሪውን ቢያዩት እሱንም በጨመሩት ነበር።

በአገራችንስ?

«እሺ፣ የአሜሪካ ደን ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አላችሁ። አርሚላሪያ በአገራችንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በሙነሳ ሻሸመኔ፣ በወንዶ ገነት፣ በጅማ፣ በሚዛንና በበደሌ አካባቢ ባሉ የተተከሉ ደኖች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ፈንገሱ በግራር፣ ፓቱላ በሚባለው የውጭ ጥድና በሌሎችም ዛፎች ላይ ተገኘ። እንጉዳዩ ደግሞ በሐበሻ ጥድ ጉቶ ላይ በቅሎ ታየ። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ የእኛው ዝርያ አርሚላሪያ ፉስኪፔስ የሚባለው፣ በደቡብ አፍሪካም ጥድ የሚያደርቀው ዓይነት መሆኑ ተገለጸ። ከዚያ በፊትም በአገራችን በቡና ተክል ላይ በሽታው መታየቱ ተመዝግቦ ነበር።

የጥድ ጉቶው ነገር ልብ ይባልልን። ነባሩ ደን ይመነጠራል፤ ግንዱ ለጣውላና ለማገዶ ይሄዳል፤ ጉቶው ግን «ምን ያደርጋል» ተብሎ ይተዋል። በላዩ ላይ አዲስ ችግኝ ይተከላል። ፈንገሱ በተተወው ጉቶ ውስጥ ስንቁን ይዞ ይቆያል። ችግኙ አድጎ ሥሩ ሲደርስለት ይቀበለዋል። ገበሬው «መሬቱ ተረግሟል» ወይም «ችግኙ መጥፎ ነበር» ይላል። ነገሩ ግን ከሥር ነው።

የገበሬ ልጅ ዋግን ያውቃል። ዋግም ፈንገስ ነው፤ እሱ ግን በነፋስ ስለሚበር ስንዴውን በአንድ ወቅት አገር ለአገር ያዳርሰዋል። አርሚላሪያ እንዲህ አይቸኩልም። በእኛ አህጉር አብዛኛውን ጊዜ የሚሻገረው ሥር ከሥር ሲነካካ ነው። አዝጋሚ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም፤ አዝጋሚ ስለሆነ ግን ልንቀድመውም እንችላለን።

ምልክቱና መላው

ዛሬ እዚህ ብንሆንም ነገ መሬት የምናለማ፣ ወይም አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችን በስልክ የምንመክር ሰዎች ነን። ስለዚህ እነዚህን ያዙልን፦

- ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ፣ ቅርንጫፉ ከጫፍ እየደረቀ የሚሄድ ዛፍ ወይም ቡና ካለ፣ በተለይ ጎረቤቶቹም ተራ በተራ ዙሪያውን እየደረቁ ከሆነ፣ ጥርጣሬ ይግባችሁ።
- ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱን በቢላዋ ላጥ አድርጉ። እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት፣ ስስ ወረቀት የመሰለ ነጭ ንጣፍ ካለ ሥር አበስብሱ ይህ ሊሆን ይችላል። ለግብርና ባለሙያ አሳዩ።
- የሞተውን ዛፍ ቆርጦ መተው መፍትሔ አይደለም። ጉቶውና ትልልቅ ሥሮቹ ተነቅለው መውጣትና መቃጠል አለባቸው። ቦታውን ለዛፍ ወይም ለቡና ወዲያው አታውሉት።
- ጤነኛውን ከበሽተኛው ለመለየት በመካከላቸው ቦይ ቆፍሮ ሥሮች እንዳይነካኩ ማድረግ ይረዳል።
- ደን መንጥሮ ሻይ ወይም ቡና የሚተክል ሰው ዛፎቹን ከመቁረጡ አስቀድሞ ዙሪያቸውን ልጣቸውን ቢልጥና ቆመው እንዲደርቁ ቢተዋቸው፣ በሥራቸው ውስጥ ያለው ምግብ ስለሚያልቅ ፈንገሱ ስንቅ ያጣል። ይህ በምሥራቅ አፍሪካ የሻይ እርሻዎች የተሠራበት ዘዴ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ከዚህ ጽሑፍ የተነሳ ማንም ልጅ የማያውቀውን እንጉዳይ ለቅሞ እንዳይቀምስ። መርዛማውንና ደኅናውን በዓይን መለየት የልምድ ሥራ ነው።

ሁለቱን ስናስተያያቸው የሚገርመን ይኼ ነው። ዓሣ ነባሪው ትልቅነቱ ከሩቅ ስለሚታይ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ሊያልቅ ትንሽ ቀረው። ጥበቃ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ፈንገሱ ደግሞ ስለማይታይ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ኖረ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ሰው ከላይ ያለውን ቆርጦ «ጨረስኩ» ሲል፣ እሱ ከታች ገና መጀመሩ ነው። ስለዚህ ዛፍ ስትቆርጡ ጉቶውን አትርሱ።

ለልጆች የዕትሙ ጥያቄ፦ አንድ ባለተሳቢ መኪና 40 ቶን ከጫነ፣ የኦሪገኑን ፈንገስ በትንሹ ግምት፣ ማለትም በ7,500 ቶን፣ ለመጫን ስንት መኪና ያስፈልጋል? የመጨረሻው መኪናስ ምን ያህል ይጭናል? መልሱን አሠራሩን ጨምራችሁ በወረቀት ለመምህሮቻችሁ ስጡልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን።